ደብዳቤው በማን ቁልፍ ተቆለፈ? የኢሜይል አድራሻን ከምስጠራ ቁልፍ ጋር ሲያገናኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኢሜይል መመስጠሪያ ፕሮግራም «ላክ» ሲባል የተቀባዩን አድራሻ ይዞ በማከማቻው ያሉትን ቁልፎች ያስሳል፤ ያንን አድራሻ የያዘ መለያ ያለበትን ቁልፍ ካገኘ ደብዳቤውን በዚያው ይቆልፋል። ይህ መቆለፊያ ቁልፍ ለማንም የሚታደል ነው፤ ደብዳቤውን የሚከፍተው ግን ባለቤቱ ጋር ብቻ ያለው የግል ቁልፍ ነው። የምስጠራው ሒሳብ ጠንካራ ነው፤ ነገሩ የሚበላሸው በዚህ ፍለጋ ላይ ነው። በተሳሳተ ቁልፍ የተቆለፈ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም። የቁልፏ ምልክት እንደወትሮው ትታያለች፣ ደብዳቤውም ይሄዳል።

የተጻፈውን ስም እንደ ማስረጃ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ ጊዜ ልንሰጠው ይገባል። በኦፕንፒጂፒ (በታወቀው የኢሜይል ምስጠራ ደረጃ) ቁልፍ ላይ ያለው የተጠቃሚ መለያ ተራ ጽሑፍ ነው። በልማድ «ሃና <ሃና@ምሳሌ.ኮም>» ተብሎ ይጻፋል እንጂ፣ ቁልፉን የሚያመነጨውን ሰው «አንተ ሃና ነህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ማንም ሰው በደቂቃዎች ውስጥ በሌላ ሰው ስምና አድራሻ ቁልፍ ሠርቶ ሊያሰራጭ ይችላል። መለያው ላይ ያለው የቁልፉ የራሱ ፊርማም የሚናገረው ጽሑፉን ያስገባው የቁልፉ ባለቤት መሆኑን ብቻ ነው፤ ጽሑፉ እውነት ስለመሆኑ አይመሰክርም።

ሰዎች ቁልፋቸውን የሚጭኑባቸውና ሌሎች የሚፈልጉባቸው የቁልፍ ሰርቨሮችም አንድ ዓይነት አይደሉም። የቀድሞዎቹ ኤስኬኤስ ሰርቨሮች የመጣላቸውን ሁሉ ይቀበሉ ነበር። በ2019 ሥራ የጀመረው ኪስ.ኦፕንፒጂፒ.ኦርግ ግን ወደ አድራሻው የማረጋገጫ ኢሜይል ይልካል፤ ሊንኩ ካልተከፈተ ቁልፉ በአድራሻ ሲፈለግ አይወጣም። ትልቅ መሻሻል ነው። ሆኖም የተረጋገጠው ቁልፉን የጫነው ሰው በዚያን ጊዜ የመልእክት ሳጥኑን ማንበብ መቻሉ ነው። የሳጥኑን የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰውም ይህን ፈተና ያልፋል።

ማረጋገጫው አሻራው፣ ማለትም ከቁልፉ ተሰልቶ የሚወጣው የምልክቶች ረድፍ ነው። በብዛት በሥራ ላይ ባሉት ቁልፎች አሻራው 40 ምልክት ነው፤ ከ0 እስከ 9 ያሉ አሃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ የላቲን ፊደላት፣ ብዙ ጊዜ በአራት በአራት ተከፍለው ይጻፋሉ። ባለቤቱን በአካል አግኝተው፣ ወይም ድምፁን በሚያውቁት ስልክ ደውለው አሥሩንም ክፍል ያመሳክሩ። ቁልፉ በመጣበት ኢሜይል ላይ ከተጻፈው አሻራ ጋር ማስተያየት ግን ዋጋ የለውም፤ ቁልፉን የቀየረ ሰው አሻራውንም አብሮ ይቀይረዋል። ካመሳከሩ በኋላ ውጤቱን ለፕሮግራሙ ይንገሩት። ተንደርበርድ በተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ላይ ቁልፉን መቀበልና አሻራውን አረጋግጦ መቀበል ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ናቸው፤ ያላረጋገጡትን «አረጋግጫለሁ» አይበሉ። ጂኑፒጂ በተባለው የኦፕንፒጂፒ መመስጠሪያ ፕሮግራም ላይ ቁልፉን ለራስዎ ብቻ በሚያገለግል ፊርማ ይፈርሙበት። «ይህ ቁልፍ የተጠቀሰው ሰው ለመሆኑ ማረጋገጫ የለም» የሚለው ማስጠንቀቂያ ስላሰለቸ ብቻ ሁሉንም ቁልፍ የሚያምን ቅንብር ማብራት፣ ያለውን ብቸኛ መከላከያ ማፍረስ ነው።

በአጭር መለያ መተማመን

የአሻራው የመጨረሻ 8 ምልክቶች አጭር መለያ ይባላሉ። 32 ቢት ብቻ ስለሆኑ፣ በአንድ የግራፊክስ ካርድ ተመሳሳይ አጭር መለያ ያለው ሌላ ቁልፍ በሰከንዶች ማምረት ይቻላል። በ2016 የሊነስ ቶርቫልድስንና የግሬግ ክሮ-ሃርትማንን ስምና አጭር መለያ የያዙ የሐሰት ቁልፎች በሰርቨሮች ላይ ተገኝተዋል። 16 ምልክት ያለው ረጅም መለያም ለማመሳከሪያ አይበቃም። የስም ካርድ ላይም ሆነ የኢሜይል ግርጌ ላይ ሙሉውን አሻራ ይጻፉ።

በስም ቁራጭ መፈለግ

በጂኑፒጂ ትዕዛዝ ላይ ተቀባዩን «ሃና» ብለው ብቻ ቢጠቅሱ፣ ፕሮግራሙ እነዚህን ፊደላት በየትኛውም ቦታ የያዘ መለያ ይፈልጋል። «ዮሃና <ዮሃና@ሌላ.ኮም>» የሚለውም ውስጥ «ሃና» አለ። አድራሻውን በ< እና > መካከል ካስገቡት ግን ሙሉ አድራሻው መግጠም አለበት። በትዕዛዝ መስመር ላይ እነዚህ ምልክቶች ሌላ ትርጉም ስላላቸው ከነምልክቶቹ በትእምርተ ጥቅስ ይክበቡት፤ አለበለዚያ ትዕዛዙን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ሼል ፋይል ሊከፍት ወይም ሊጽፍ ይሞክራል። በራሱ በሚሠራ ስክሪፕት ውስጥ ስምም አድራሻም አያስገቡ፤ ሙሉ አሻራ ብቻ ይጠቀሙ።

አንድ ሳጥን፣ ብዙ አድራሻ

«ሃና+ግዢ@ምሳሌ.ኮም» ተብሎ የተላከ ደብዳቤ ብዙ አገልግሎቶች ላይ ወደ ሃና ሳጥን ይገባል። ለመመስጠሪያው ፕሮግራም ግን ይህ ሌላ አድራሻ ስለሆነ «ቁልፍ የለም» ሊል ይችላል። ትክክለኛው ማስተካከያ በባለቤቷ እጅ ነው፦ ደብዳቤ ለምትቀበልበት ለእያንዳንዱ አድራሻ በዚያው ቁልፍ ላይ መለያ ጨምራ ቁልፉን እንደገና ታሰራጭ። አሻራው አይቀየርም። የተወችውን የድሮ አድራሻ መለያም ትሻረው፤ ማለትም ከእንግዲህ እንደማያገለግል በፊርማዋ ታስታውቅ።

ይህ ካልሆነ ላኪው ተንደርበርድ ላይ አድራሻን ከቁልፍ የሚያገናኝ የደንብ ፋይል ማዘጋጀት ይችላል። በደንቡ ላይ ከአንድ አድራሻ ይልቅ መላውን ዶሜይን ማስገባትም ይፈቀዳል። ይህ የሚስማማው ድርጅቱ ሁሉንም ደብዳቤ በአንድ የጋራ ቁልፍ በሚፈታበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያለዚያ የአንዱን ደብዳቤ ሌላው እንዲከፍተው ያደርጋል።

የድሮ ቁልፍ ሳይሻር መተው

ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ አዲስ ቁልፍ ተሠራ፣ አሮጌው ግን አልተሻረም። አሁን በአንድ አድራሻ ሁለት ቁልፍ አለ። አንዱ ፕሮግራም አዲሱን ይመርጣል፣ ሌላው ቀድሞ የተቀበለውን ይዞ ይቀጥላል። ተቀባዩ ደብዳቤውን ሊከፍት ሲል «የግል ቁልፍ የለም» የሚል መልእክት ካየ፣ መጀመሪያ የሚታየው ደብዳቤው ለየትኛው ቁልፍ እንደተመሰጠረ ነው፤ መለያ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በተመሰጠረው መልእክት ራስጌ ላይ ይገኛል።

ጂኑፒጂ ከ2.1 ጀምሮ ቁልፍ ሲያመነጭ የመሻሪያ ሰርተፊኬትም አብሮ ይሠራል። ያንን ፋይል ዛሬውኑ ከኮምፒውተሩ ውጭ ያስቀምጡ፤ ኮምፒውተሩ ከጠፋ በኋላ አይገኝም። ኤስ/ማይም የተባለውን፣ በሰርተፊኬት የሚሠራውን ሌላ የኢሜይል ምስጠራ ደረጃ የሚጠቀሙ ሰዎችም ሰርተፊኬታቸውን ሲያድሱ የድሮውን የግል ቁልፍ መሰረዝ የለባቸውም፤ የቆዩት ደብዳቤዎች የሚፈቱት በእርሱ ነው።

ጊዜው ማለፉም እንዲሁ ያደናግራል። ደብዳቤ የሚመሰጠረው ብዙውን ጊዜ ከዋናው ቁልፍ ጋር በተያያዘ ንዑስ ቁልፍ ነው፤ ዋናው ቁልፍ ደህና ሆኖ ንዑሱ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። ባለቤቱ ቀኑን ያራዝምና ያሰራጭ፣ ላኪው ደግሞ ቁልፉን ያድስ። አዲስ ቁልፍ አያስፈልግም።

በራስ ዶሜይን ቁልፍ ሲያትሙ

ዌብ ኪ ዳይሬክቶሪ ቁልፍን በራስ ዶሜይን ድረ ገጽ ላይ አስቀምጦ በኢሜይል አድራሻ እንዲገኝ የሚያደርግ አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ፕሮግራሙ ከ@ በፊት ያለውን ክፍል ወደ ትንሽ ፊደል ቀይሮ ሻ-1 በተባለ ስሌት ይጨምቀዋል፤ የሚወጣው 32 ፊደል የፋይሉ ስም ይሆናል። ተደጋግመው የሚታዩ ሦስት ጥፋቶች አሉ። ፋይሉ ባይነሪ መሆን ሲገባው በጽሑፍ መልክ ይቀመጣል። ቁልፉ ላይ የተፈለገው አድራሻ የለበትም። ሦስተኛው ብዙ ሰዓት ያባክናል፦ ፕሮግራሙ መጀመሪያ «ኦፕንፒጂፒኪ» የሚል ንዑስ ዶሜይን ይፈልጋል፤ ወደ ዋናው ዶሜይን የሚሄደው ንዑሱ ከሌለ ብቻ ነው። ማንኛውንም ንዑስ ዶሜይን የሚመልስ የዲኤንኤስ (የዶሜይን ስሞች ማውጫ) መዝገብ ካለዎት ንዑሱ ያለ ስለሚመስል ፍለጋው እዚያው ይቀራል። ለዚያ ስም የተለየ መዝገብ ይክፈቱለት፤ ባዶ የጽሑፍ መዝገብ ይበቃዋል።

ስውር ቅጂ

የተመሰጠረ መልእክት ለየትኞቹ ቁልፎች እንደተቆለፈ በራስጌው ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በስውር ቅጂ የጨመሩት ሰው አድራሻው ባይታይም የቁልፉ መለያ ሊታይ ይችላል። ጂኑፒጂ የተቀባዩን መለያ በዜሮ የሚተካ ምርጫ አለው፤ ሆኖም የተቀባዮቹ ብዛት ያኔም ይታያል። ስውሩ በእርግጥ ስውር እንዲሆን ለዚያ ሰው ደብዳቤውን ለብቻው መስጥረው ይላኩለት።