ለልጅ የኢትዮጵያን ድንበር እንዴት እናስጠናው?

ስድስቱን ጎረቤቶቻችንን በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ተማሪ ብዙ አጋጥሞኛል። "መተማ ከማን ጋር ነው የምታዋስነን?" ስለው ግን ዝም ይላል። ስለዚህ ጂኦግራፊ ሳስተምር ስም አላስሸመድድም። ድንበሩን በጣት ነው የማዞራቸው። እናንተም ቤት ሞክሩት።

መጀመሪያ ካርታችሁን እዩት። ኢትዮጵያ ቀይ ባሕርን ከነካች፣ ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም በፊት የተሠራ ነው። ሱዳን አንድ ወጥ ከሆነች ደግሞ ከ2003 ዓ.ም በፊት ነው። ካርታውን እንዳትጥሉት! የጎደለውን መስመር ልጁ ራሱ በእርሳስ ያስምር። ድንበር ከሰማይ እንዳልወረደ ያኔ ይገባዋል።

ከሞያሌ ጀምሩ። አንድ ስም፣ ሁለት አገር ናት፤ ወዲህ የኛ፣ ወዲያ የኬንያ። ጣቱ ወደ ምዕራብ ይሂድ። ኦሞ ቱርካና ሐይቅ የሚገባበት አካባቢ ኬንያን ይሰናበታል። ቀጥሎ ደቡብ ሱዳን ነው። እዚህ አኮቦና ባሮ በየተራ ድንበር ይሆኑለታል። ወደ ሰሜን ሲወጣ አባይ ወደ ሱዳን የሚሻገርበትን ይፈልግ።

መተማ ላይ አትቸኩሉ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም የወደቁት እዚህ ነው። ታሪኩን ንገሩት። ይህን የሰማ ልጅ ሱዳን ወዴት እንደሆነች ዳግም አይጠፋውም።

ከዚያ ሁመራ፣ መረብ ወንዝ፣ ዛላምበሳ። ይህ ሁሉ የኤርትራ ወገን ነው። ሙሳ ዓሊ ተራራ ላይ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ጅቡቲ ይገናኛሉ።

የጅቡቲ ድንበር ከሁሉም አጭሩ ነው። እኔ ግን ብዙ የማወራው ስለሱ ነው። በጋላፊ በኩል የሚገባውን የጭነት መኪና ንገሩት። በደወሌ የሚያልፈውን ባቡርም አትርሱ። ወደብ ለሌለው አገር ይህች አጭር መስመር ትልቅ በር ናት።

ረጅሙ የሶማሊያ ነው። ከቶጎጫሌ ወደ ምሥራቅ ሄዶ፣ ታጥፎ ዶሎ እስኪደርስ ጣቱ ይደክመዋል። ይድከመው፤ ርዝመቱን የሚያውቀው እንዲህ ነው። ከዶሎ የዳዋን ወንዝ ይዞ ወደ ሞያሌ ይመለሳል።

በማግስቱ ባዶ ወረቀት ስጡትና "ከሞያሌ ተነስ" በሉት። ቱርካና ጋ ሲደርስ ቢቆም ቶሎ አትንገሩት። ትንሽ ጠብቁት።