የአየር መንገድ ሥራ ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ዲቪ ደርሶት ዳላስ የገባው የእኅቴ ልጅ ባለፈው ሰኞ የቅጥር ደብዳቤውን ፎቶ አንሥቶ ላከልን። ከደብዳቤው ራስ ላይ የታወቀው ትልቅ አየር መንገድ አርማ ነበር። እናቴ አይታ እልል አለች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። የእኔ ዓይን የሄደው ወደ ግርጌው ነው። ቀጣሪ ተብሎ የተጻፈው ስም ሌላ ነበር። እዚያው አሜሪካ ስድስት ዓመት በበረራ አስተናጋጅነት ሠርቼ ደብረ ማርቆስ ከተመለስኩ ወዲህ ከቡሬ፣ ከሞጣና ከዳንግላ እየደወሉ ስለዚህ ሥራ የሚጠይቁኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ለእሱ የነገርኩትን ለሁላችሁም እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ቀጣሪያችሁን ለዩ። የነገሩ መነሻ ኮድ ሼር የሚባል አሠራር ነው፤ ይኸውም አንድ አየር መንገድ ሌላው በሚያበርረው በረራ ላይ የራሱን ኮድና ቁጥር ሰጥቶ ትኬት መሸጡ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል ዋሽንግተን የገባ ሰው፣ ቀሪውን መንገድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኮድ ባለበት ትኬት በዩናይትድ አውሮፕላን ሊጓዝ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል፤ ትልቁ ኩባንያ ቀለሙንና አርማውን ጭምር ለትንሹ ያለብሰዋል። ዩናይትድ ኤክስፕረስ፣ አሜሪካን ኢግል፣ ዴልታ ኮኔክሽን የትልልቆቹ የዩናይትድ፣ የአሜሪካን ኤርላይንስና የዴልታ የንግድ ስሞች ናቸው፤ የሚያበርሩት ስካይዌስት፣ ሪፐብሊክና ሌሎችም ኩባንያዎች ናቸው። እውነተኛው ስም በአውሮፕላኑ በር አጠገብ በትንሽ ፊደል ይጻፋል። ትኬት የሚሸጡ ድረ ገጾችም በረራው ገና ሲታይ የሚያበርረውን ኩባንያ ስም እንዲያሳውቁ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው አልቆ ነበር፤ ትኬቱ የኮንቲኔንታል፣ በረራው የኮልጋን ነበር።

ቀጥሎ በሁለቱ ኩባንያዎች መካከል ያለውን ውል ጠይቁ። በአብዛኛው ትልቁ ትኬቱን ይሸጣል፣ መርሐ ግብሩን ያወጣል፣ የነዳጁን ወጪ ይችላል። ትንሹ አብራሪና አስተናጋጅ አቅርቦ፣ አውሮፕላኑን ጠግኖ፣ በበረራው ቁጥርና በሰዓቱ ልክ የተወሰነ ክፍያ ይቀበላል። ወንበሩ ቢሞላም ባይሞላም ክፍያው ያው ነው። አባቴ በሬዎቹን ለጎረቤት አከራይቶ በዓመት የተወሰነ ጤፍ ይቀበል ነበር፤ አዝመራው ቢሰምርም ጤፉ አይጨምርም። እንዲህ ያለ አከራይ ትርፉን ላስፋ ካለ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ከበሬዎቹ ጭድ መቀነስ። አባቴ አላደረገውም። በእኛ ሥራ ግን ጭዱ ደመወዛችንና ዕረፍታችን ነበር።

«እያደግን ነው፣ ብዙ ሰው እንቀጥራለን» ሲሏችሁ ደስታውን ትንሽ አቆዩት። እያደገ ያለ ኩባንያ ርካሽ የሚሆነው አብዛኛው ሠራተኛው አዲስ ስለሆነ፣ ከደመወዝ ሰንጠረዡ ታች ስላለ ነው። ዕድገቱ ሲቆም ሠራተኛው በየዓመቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወጪው ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ትልቁ ኩባንያ ፊቱን ወደ ሌላ፣ ወደ አዲስ ተቀጣሪዎች ወዳሉበት ያዞራል። በእኔ የደረሰው ይኸው ነው። በአራተኛው ዓመቴ ውሉ ሳይታደስ ቀረ። አውሮፕላኖቹ በዚያው ቀለም፣ በዚያው ወንበር ወደ ሌላ ኩባንያ ሄዱ። እኔም ተከትያቸው ተቀጠርኩ፤ ከተራው መጨረሻ። በዚህ ሥራ መስመሩም የዕረፍት ቀኑም የሚመረጠው በቅጥር ቅደም ተከተል ነው፤ ተራው ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው አይሻገርም። ፋሲካን ቤቴ ለመዋል የሚያበቃኝ ቦታ ላይ ደርሼ ነበር። ያን ዓመት ትንሣኤን አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ በተጠባባቂነት ዋልኩ፣ ከመንገደኞች ፊት እንዳላለቅስ ታግዬ።

ስለዚህ ውሉ በየትኛው ዓመት እንደሚያልቅ፣ ስንት አውሮፕላን እንደሚሸፍን ጠይቁ። የኩባንያው አክሲዮን በገበያ የሚሸጥ ከሆነ መልማዩን መለማመጥ አያስፈልግም፤ ለአክሲዮን ገበያው ተቆጣጣሪ በየዓመቱ የሚያስገባው ቴን-ኬይ የተባለ ሪፖርት ኤድጋር በተሰኘው የመንግሥት ድረ ገጽ በነጻ ይነበባል። ስለ ውሎቹ እዚያ ፈልጉ። ስካይዌስት ከአራት ትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ስለሚሠራ አንዱ ፊቱን ቢያዞር ሌላው ይኖረዋል። ኤንቮይ፣ ፒድሞንትና ፒኤስኤ የአሜሪካን ኤርላይንስ፣ ኤንዴቨር ደግሞ የዴልታ ንብረት ናቸው። ንብረት መሆንም ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ኮምኤር የዴልታ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘግቷል።

ደመወዙን በሰዓት ዋጋው ብቻ አትለኩት። የሰዓቱ ቆጠራ በአብዛኛው የሚጀምረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲነቃነቅ ነው። ሻንጣ ስታስተካክሉ፣ አዛውንት ደግፋችሁ ስታስቀምጡ፣ በረራ ዘግይቶ ስትጠብቁ የሚያልፈው ጊዜ የማይቆጠርበት ኩባንያ አለ። ዴልታ መንገደኛ ለሚሳፈርበት ጊዜ የሰዓቱን ዋጋ ግማሽ መክፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። የእናንተው ኩባንያ ይከፍል እንደሆነ፣ በወር ዋስትና ያለው ዝቅተኛ ሰዓት ስንት እንደሆነ፣ ለሥልጠናው ሳምንታት ምን እንደሚከፈል በጽሑፍ ይስጧችሁ። በሰዓት 25 ዶላር ቢሏችሁና ዋስትናው 75 ሰዓት ቢሆን በወር 1,875 ዶላር ነው፤ ግብሩና የደንብ ልብሱ ገና አልተቀነሰም። ከዚያ የምትመደቡበትን ከተማ የቤት ኪራይ ቀንሱበት።

እስከ 50 መቀመጫ ባለው አውሮፕላን ሕጉ የሚጠይቀው አንድ አስተናጋጅ ብቻ መሆኑንም እወቁ። የታመመ መንገደኛ ቢኖር፣ ጭስ ቢሸት፣ በመንገደኞቹ ክፍል ያላችሁት ሠራተኛ እናንተ ብቻ ናችሁ። እስከ 14 ሰዓት ከተሠራ በኋላ የሚገባው ዕረፍት በእኔ ጊዜ 9 ሰዓት ነበር፤ አሁን 10 ሆኗል። ሆቴል መሄጃውም መመለሻውም ከዚያው ላይ ነው።

አገር ቤት ለመመላለስ ብላችሁ የምትገቡ ካላችሁ፣ ኮድ ሼር በራሱ ለሠራተኛ የቅናሽ ትኬት አያስገኝም። ለዚያ በኩባንያዎቹ መካከል ሌላ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ቢኖርም የምትሳፈሩት ትርፍ ወንበር ሲገኝ ነው።

የእኅቴ ልጅ ጥያቄዎቹን በኢሜይል ልኮ ነበር። ስለ ዋስትናው ሰዓትና ስለ ሥልጠናው ክፍያ በማግስቱ መለሱለት፤ የውሉን ማብቂያ ዓመት ዘለሉት። አክሲዮኑ በገበያ ስለማይሸጥ ኤድጋር ላይም አላገኘነውም። ወደ አስተናጋጆቹ ማኅበር እንዲደውል ነግሬዋለሁ። የመፈረሚያው ቀን ዓርብ ነው፤ ሐሙስ ማታ ከእናቴ ጋር ስልኩን እንጠብቃለን።