ከፓራታይሮይድ ቀዶ ሕክምና በፊት በምስል ምርመራ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ፓራታይሮይድ ዕጢዎች በአብዛኛው ሰው አራት ናቸው፤ ከታይሮይድ ጀርባ የሚገኙ ሲሆን እያንዳንዳቸው ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጡም። ከእነርሱ አንዱ አብጦ ሆርሞኑን ያለልክ ሲያመነጭ የደም ካልሲየም ይጨምራል፣ ኩላሊት ጠጠር ይይዛል፣ አጥንትም ይሳሳል። አማርኛችን ጤነኛውንም ሆነ ያበጠውን «ዕጢ» ስለሚል ታካሚው ካንሰር መስሎት ይደነግጣል፤ ስለዚህ ይህ ዕብጠት ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ መሆኑን አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ስህተት በሽታውን በምስል ለማረጋገጥ መሞከር ነው። በሽታው የሚረጋገጠው በደም ምርመራ ነው፤ ካልሲየሙ ከፍ ብሎ እያለ ዝቅ ማለት የነበረበት የፓራታይሮይድ ሆርሞን ሳይወርድ ሲገኝ ማለት ነው። የ24 ሰዓት ሽንትም መለካት አለበት፤ በዘር የሚተላለፍ፣ ተመሳሳይ የደም ውጤት የሚያሳይ፣ ነገር ግን ቀዶ ሕክምና የማያስፈልገው ሌላ ችግር የሚለየው በሽንት ካልሲየም ማነስ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ውኃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው ካልሲየሙ ከልኩ በላይ ሊታይ ስለሚችል፣ ውኃ ጠጥቶ ምርመራውን መድገም አይከፋም። ምስል የሚታዘዘው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ ሥራውም ለቀዶ ሐኪሙ ቦታውን ማመልከት ብቻ ነው።

በዚህም የተነሣ፣ በደም ምርመራ በሽታቸው የተረጋገጠና የኩላሊት ጠጠር የተመላለሰባቸውን እናት «በአልትራሳውንድ ምንም አልታየም» ብሎ ወደ ቤታቸው መሸኘት በጣም ያሳዝነኛል። ዕጢው አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም አራቱንም ዕጢዎች በዓይኑ እየፈተሸ ሊያገኘው ይችላል።

በሐረርጌ ደጋ እንቅርት ያለበት ሰው ብዙ ስለሆነ፣ የታይሮይድ ጉብታን ፓራታይሮይድ ነው ብሎ መሳት ቀላል ነው። በአልትራሳውንድ ሲፈለግ ከታካሚዋ ትከሻ ሥር ትራስ አድርጎ አንገቷን ወደ ኋላ ማዘንበል፣ ከዚያም ምራቅ እንድትውጥ እየጠየቁ ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ያበጠው ፓራታይሮይድ ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ ሞላላ ሆኖ ከታይሮይድ በቀጭን ነጭ መስመር ተለይቶ ይታያል፤ የደም ፍሰትን በሚያሳየው የአልትራሳውንድ ዓይነት፣ በዶፕለር፣ ሲታይም ከአንድ ጫፉ የሚገባ የደም ሥር ይኖረዋል። የታይሮይድ ጉብታው በሴስታሚቢ ምርመራም (ጨረር የሚያመነጭ መድኃኒት በደም ሥር ተወግቶ በሚነሣ ምስል) ሊያሳስት ስለሚችል፣ ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች አንድ ቦታ ሲጠቁሙ ይበልጥ ያስተማምናል።

ፍለጋውን በታይሮይድ ዳርቻ ማቆምም ሌላ ስህተት ነው። ዕጢው ከመንጋጋ ማዕዘን አንሥቶ እስከ ደረት ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ አልትራሳውንድ ደግሞ ከደረት አጥንት ጀርባ ማየት አይችልም። ቻርልስ ማርቴል የተባለው አሜሪካዊ የመርከብ ካፒቴን አንገቱ ተደጋግሞ ተከፍቶ ሳይገኝ የቀረው ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1932 ቦስተን ላይ የተገኘው ደረቱ ውስጥ ነበር። ለዚህ ዛሬ ሲቲ ስካንና ሴስታሚቢ አሉ። ሴስታሚቢ መድኃኒቱ ከተወጋ በኋላ በ15 ደቂቃ ገደማ አንዴ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶም ዳግመኛ ይነሣል፤ ታይሮይድ መድኃኒቱን ቶሎ ሲለቅ ያበጠው ዕጢ ግን ይዞት ይቆያልና። ከሐረር አዲስ አበባ ድረስ የተጓዘ ታካሚ ሁለተኛውን ምስል ሳይነሣ መመለስ የለበትም።

ወረቀቱን ብቻ ለቀዶ ሐኪሙ መላክም አይበቃም፤ ምስሉ ራሱ በሲዲ ይሂድ። ሪፖርቱም «በግራ በኩል» ብሎ ከማቆም ይልቅ የዕጢውን መጠን በሚሊ ሜትር፣ ከታይሮይድ ታችኛው ጫፍ ያለውን ርቀትና ከቆዳ ያለውን ጥልቀት ይጻፍ።