የተማሪዎች ጽሑፍ እንዳይደባለቅ ያደረግሁት

ሐዋሳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በሐይቁ ዓሦች ላይ የቤት ሥራ ሰጥቼ ክፍሉ በሙሉ አንድ ጉግል ዶክስ (ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጽፍበት ሰነድ) ላይ ይጽፍ ነበር። ድብልቅልቁ ወጣ። አንዷ ስለ ቆሮሶ የጻፈችውን ሌላው በአምባዛ ተካው። "ቲቸር፣ የኔ ጠፋ" የሚል መልእክት ቴሌግራሜን ሞላው።

እንደ እውነቱ ምንም አልጠፋም። ኮምፒውተር ላይ "ፋይል" ውስጥ ገብቼ የሰነዱን የለውጥ ታሪክ ከፈትኩ። በአካውንታቸው ስለገቡ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ይታያል። (እዚህ ላይ "እኔ አይደለሁም" አይሠራም።) ከመበላሸቱ በፊት የነበረውን መለስኩት።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ጉግል ክላስሩም (መምህር በኢንተርኔት የቤት ሥራ የሚሰጥበት የጉግል አገልግሎት) ላይ ነው። ከቤት ሥራው ጋር ሰነዱን ስታያይዙ ከጎኑ ሦስት ምርጫ አለ፤ ማየት ብቻ፣ ሁሉም አንዱን ማስተካከል፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቅጂ። የመጨረሻውን ምረጡ። የተማሪው ስም ራሱ ርዕሱ ላይ ይጨመራል። እየጻፈ ሳለም ገብታችሁ አስተያየት መስጠት ትችላላችሁ። ምርጫው የቤት ሥራውን ከመለጠፋችሁ በፊት መሆን አለበት። ከተለጠፈ በኋላ ወደ ቅጂ መቀየር አይቻልም፤ አዲስ መክፈት ነው።

ለቡድን ሥራስ? ለየቡድኑ የራሱን ሰነድ ከነማስተካከያ ፈቃዱ፣ አባላቱን ብቻ መርጦ መላክ። ትንሽ ያለፋል፣ ጭቅጭቁ ግን ቀርቷል።