ልጅዎን ከማስመዝገብዎ በፊት፦ የወረዳዎን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደሚያወዳድሩ

ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ፣ ሞጣም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ብዙ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚመርጠው በወሬ ነው። «እዚያ ጎበዝ ያወጣሉ» ይባላል፤ ልጁም እዚያ ይመዘገባል። ያንን ስም ያተረፉት መምህራን ግን ተዛውረው ወይም ጡረታ ወጥተው ሊሆን ይችላል። ልጅዎ ዓመቱን ሙሉ የሚውለው አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ስም ጠሪ መምህር እጅ ነው። ስለዚህ ማወዳደር ያለብዎት ልጅዎ የሚገባበትን ክፍል ነው።

በመንገዱ ይጀምሩ

ለልጅዎ የሚቀርቡትን ሁለት ወይም ሦስት ትምህርት ቤቶች ይለዩና ከልጁ ጋር በእሱ እርምጃ ሄደው ደቂቃውን ይያዙ። ለ7 ዓመት ልጅ አንድ መንገድ ከ40 ደቂቃ ከበለጠ ድካሙ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ይበላበታል። መንገዱን በጥር ለክቶ መወሰን የተለመደ ስህተት ነው። ወደ ጨሞጋ፣ ተምጫና ብር ወንዞች የሚገብሩ ትንንሽ ወንዞች በበጋ በድንጋይ ተረግጠው ይታለፋሉ፤ መስከረም ላይ ግን ገና ሙሉ ናቸው። ልጆቹ በየት እንደሚሻገሩ፣ ድልድይ መኖር አለመኖሩን የመንደሩን ሰው ይጠይቁ።

ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የኢንስፔክሽን ውጤት ይጠይቁ

ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ተመዝነው ደረጃ ይሰጣቸዋል። ከ50 በመቶ በታች ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 69.9 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 89.9 ደረጃ 3፣ 90ና ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ነው። ደረጃውን ብቻ ሰምተው አይመለሱ። 69 ያገኘውና 70 ያገኘው በደረጃ ይለያዩ እንጂ በሥራ አይለያዩም። ክብደቱ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ስለሆነ ሦስቱን ለየብቻ ያስነግሩ። ብሎኬት ክፍልና አጥር ያለው ትምህርት ቤት በግብዓት ከፍ ብሎ፣ ማስተማሩ የሚታይበት ሂደት ላይ ዝቅ ሊል ይችላል። ምዘናው የተደረገበትንም ዓመት ይመዝግቡ። የጉድኝቱ፣ ማለትም በአንድ የተቧደኑት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች፣ ሱፐርቫይዘር ከተገኘ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ የሁሉንም ትምህርት ቤት ክፍል ገብቶ የሚያየው እሱ ነው።

የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናውን ውጤት ራስዎ ያስሉ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚለጠፈው የማለፍ ምጣኔ የሚሰላው ለፈተና ከተቀመጡት ነው። እንበል አንድ ትምህርት ቤት 40 ተማሪ አስፈትኖ 36 አሳለፈ፤ 90 በመቶ ነው። ሌላው 70 አስፈትኖ 56 አሳለፈ፤ 80 በመቶ ነው። የመጀመሪያው የበለጠ ይመስላል። አሁን መስከረም ላይ በ6ኛ ክፍል የተመዘገቡትን ይጠይቁ። የመጀመሪያው 60 መዝግቦ ከነበረ ካስመዘገባቸው ያሳለፈው 60 በመቶውን ነው። ሁለተኛው 75 ከነበረው ወደ 75 በመቶ ይጠጋል። የጎደሉት ልጆች አጨዳ ላይ፣ እረኝነት ላይ ወይም ከተማ ሥራ ፍለጋ ናቸው፤ ልጆቹን ይዞ የሚያቆይ ትምህርት ቤት ሊመሰገን ይገባዋል። የሦስት ዓመት ውጤት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በጸጥታ ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ስለተዘጉ፣ በየዓመቱ ስንት ሳምንት እንደተማሩ ሳይጠይቁ ቁጥር ከቁጥር አያወዳድሩ።

ርዕሰ መምህሩን አስፈቅደው ክፍል ይግቡ

የገበያ ቀን አይሂዱ፤ ብዙ ልጅ ይቀራል፣ ክፍሉም ሰፊ ይመስላል። ጠዋት ደወል ሳይደወል ይድረሱና ስንት መምህር በሰዓቱ እንደገባ ይዩ። ከዚያ የ1ኛ ክፍልን ተማሪ ይቁጠሩ። መለኪያው በአንድ ክፍል እስከ 50 ነው። ለመጽሐፍ አንድ ለአንድ ነው፤ «መጽሐፍ አለ» ሲባሉ መጋዘን ነው ወይስ ልጆቹ ጋ ብለው ይጠይቁ፣ አንዱን መጽሐፍ ስንት ልጅ እንደከበበው በዓይንዎ ይቁጠሩ። መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሌዳው ይነበብ እንደሆነም ይሞክሩ።

የ3ኛ ክፍል ልጅ የሒሳብ ደብተር ይዋሱና የመጨረሻዎቹን አሥር ገጾች ይግለጡ። 23 ሲደመር 48 የሚለውን፣ በእጁ ያለችውን 1 ረስቶ 61 ብሎ ጽፎ ራይት ከተደረገለት፣ መምህሩ ደብተሩን አላየውም ማለት ነው። ኤክስ ተደርጎ 71 ከተጻፈበትና ልጁ ከሥር ደግሞ ከሠራው፣ ያ ክፍል ይማራል። ለእኛ ከየትኛውም ሪፖርት ይልቅ ይህ ደብተር ይታመናል።

ንባብም እንዲሁ ነው። የ2ኛ ክፍል ልጅ ገና ያልደረሱበትን የአማርኛ ገጽ እንዲያነብ ይጠይቁት። የተማሩትን ገጽ ካስነበቡ በጋራ እየጮኹ የሸመደዱትን ነው የሚሰሙት። ከመስመሩ መሐል አንድ ቃል ላይ ጣት ያስቀምጡና «ይቺን ብቻ» ይበሉት።

መጸዳጃ ቤቱ የሴትና የወንድ መለየቱን፣ በሩ ከውስጥ መዘጋቱን፣ ቧንቧው ውኃ መስጠቱን ከፍተው ይዩ። ሴት ልጅ ከፍ ስትል ትምህርት ከምታቆምባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ከመወሰንዎ በፊት

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን ሰብሳቢ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ለትምህርት ቤቱ የተሰጠው የድጎማ ገንዘብ አምና ምን ላይ ዋለ? መምህር ሲጎድል ክፍሉን ማን ይሸፍናል? ያገኙትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ትምህርት ቤቶቹን ጎን ለጎን አድርገው ይጻፉ። ለ1ኛ ክፍል ገቢ መንገዱ፣ የክፍሉ ብዛትና ንባቡ ይቅደም፤ ለ5ኛና 6ኛ ክፍል ደግሞ ፈተናውና የማጠናከሪያ ትምህርቱ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ቅርቡን ይውሰዱ።

ምዝገባው ነሐሴ ውስጥ ነው። ልጁ ከሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወር ከሆነ መሸኛውንና የውጤት ካርዱን ርዕሰ መምህሩና መዝገብ ቤቱ ለእረፍት ከመበተናቸው በፊት፣ ሰኔ ላይ ተቀብለው ይያዙ።