አፈር ስር የተቀበረ ዘር "ሞቷል" ብለን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

"ዘንድሮ አልታየም፣ ጠፍቷል" ማለት። በጣም የተለመደው ይሄ ነው፣ በተለይ ማሽላ ላይ አቀንጭራ (ስሩ ላይ ተጣብቆ ምግቡን የሚመጥ ጥገኛ አረም) ያስቸገረው ሰው። የአቀንጭራ ዘር እኮ አቧራ ነው ሚመስለው፣ አንዷ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ታራግፋለች፣ ከዛ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ በህይወት መቆየት ይችላል። ዝናብ መጣ ብሎ ብቻ አይነሳም፣ እርጥበት ካገኘ በኋላም የማሽላ ወይ የበቆሎ ስር የሚለቀውን ኬሚካል ይጠብቃል፣ ስለዚህ መሬቱን ሁለት ዓመት ፆም አሳድራችሁ ንፁህ ሆነ ብላችሁ ማሽላ ስትመልሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ስራ አንዱ ብልሃት እዚህ ጋ ነው (በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙበት)፣ ይሄን መቀስቀሻ ኬሚካል በጣም ትንሽ ብቻ የሚለቅ ማሽላ። አኩሪ አተር ደግሞ በተቃራኒው ዘሩን ይቀሰቅስና መጣበቂያ ይነሳዋል፣ በቅሎ ይሞታል። አሪፍ ነው፣ ግን በአንድ ክረምት ያልቃል ብላችሁ አትጠብቁ።

በጥልቀት አርሶ መቅበርን መፍትሄ ማድረግ። ብዙ የአረም ዘር ብርሃን ካላየ አይነቃም፣ ስለዚህ ስትቀብሩት እያስተኛችሁት ነው፣ በሚቀጥለው እርሻ ገልብጣችሁ ታወጡታላችሁ። ለዚህ ማስረጃው አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ የተደረገ ሙከራ ነው። በ1879 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ቤል የሚባል የእፅዋት ተመራማሪ 20 ጠርሙስ ውስጥ አሸዋና የተለያየ ዘር፣ ከየአይነቱ 50 ፍሬ፣ ጨምሮ ቀበረ፣ ውሃ እንዳይጠራቀም አፋቸውን ወደ ታች አዘንብሎ። በየጊዜው አንድ እየወጣ ይፈተሻል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ከ140 ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ በቅሏል! ሲያወጡት ደግሞ በጨለማ ነው የቆፈሩት፣ ብርሃን ዘሩን እንዳይቀሰቅሰው። ቀጣዩ 2040፣ የመጨረሻው 2100 እ.ኤ.አ. ነው፣ እኛማ አናየውም።

ሁሉም ዘር እንደዛ ነው ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። ከቤል ዘሮች አብዛኛው ድሮ አልቋል፣ በ2021 የበቀለው የአንድ አረም ወገን ብቻ ነው። የቡና ዘር ደግሞ በተለመደው አቀማመጥ በወራት ውስጥ ነው ሚደክመው፣ "ዘር አይሞትም" ብሎ ካቻምና የቀረ ቡና ችግኝ ጣቢያ ማፍሰስ ድካም ብቻ ነው።

ከፈርኦን መቃብር የወጣ ስንዴ በቀለ ምናምን የሚለውን አትመኑ፣ ውሸት ነው። 10,000 ዓመት ቆየ የተባለው የአርክቲክ ሉፒን (የግብጦ ዘመድ) ዘርም በኋላ በካርቦን ሲለካ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሆኖ ተገኝቷል። ማሳዳ ከሚባለው ጥንታዊ ምሽግ የተገኘው ተምር ግን እውነት ነው፣ 2,000 ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2005 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ በቅሏል፣ ግን የቆየው ድርቅ ያለ በረሃ ውስጥ ባለ ምሽግ ነው እንጂ እርጥብ የእርሻ አፈር ውስጥ አይደለም።

ሌላው፣ አቀንጭራን አበባ ካወጣ በኋላ ነቅሎ ድንበር ላይ መወርወር። ከመሬት ከመውጣቱ በፊት ማሽላውን ጎድቶታል፣ የቀረው ስራ ዘር እንዳይጥል ነው፣ ስለዚህ ሳያብብ ንቀሉ፣ ካበበ ደግሞ ሰብስባችሁ አቃጥሉት።