ሌንስ ውስጥ አቧራ ሲገባ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥር ላይ መንዝ ወርዶ ዐውድማ ዳር ፎቶ ያነሳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በሬዎቹ እየዞሩ ያበራያሉ፣ ገበሬው በመንሽ ያዘራል፣ እብቁ በነፋስ ይበናል። ፎቶው ያምራል። ማታ ሌንሱን በስልክ መብራት ሲያዩት ግን ውስጡ ነጫጭ ነጥብ ነው።

ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ መደንገጥ ነው። ሌንስ ውስጥ ያለች ጥቂት ብናኝ ፎቶ ላይ አትወጣም፤ ፎከስ ውስጥ ስለማትገባ ትጠፋለች። ብዙ ከሆነች ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ሲያነሱ ምስሉን ታደበዝዛለች። ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ካዩ ሴንሰሩን፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለውን ክፍል፣ ይጠርጥሩ። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ ወደ ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 አጥብበው ጥርት ያለ ሰማይ ያንሱ። ሌንስ ቀይረው ይድገሙት። ነጥቡ ከቦታው ካልተነቃነቀ ሌንስዎ ነፃ ነው።

ሁለተኛው፣ ራስዎ መፍታት። እኔ 18-55 ሚሊሜትር ዙም ሌንሴን በትንሽ ብሎን መፍቻ ፈትቼ አቧራዋን አወጣኋት። መልሼ ስገጥመው የፎቶው ግራ ጎን ደብዛዛ ሆኖ ቀረ። መስታወቶቹ በጥቂቱ ከተዛነፉ በቃ፣ አለቀ። አቧራዋ ትሻለኝ ነበር።

በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ይረጫል። በነጠላ ጫፍ መጥረግም ደረቁን አቧራ መስታወቱ ላይ መፈግፈግ ነው። መጀመሪያ ሲጨምቁት አየር በሚተፋ የላስቲክ መንፊያ ያራግፉ፣ ከዚያ በማይክሮፋይበር ጨርቅ።

ዐውድማው መሀል ሌንስ አይቀይሩ። ግድ ከሆነ ካሜራውን ያጥፉ፣ ለነፋሱ ጀርባ ይስጡ፣ አፉን ወደ ታች ይድፉት። ሲዘረጋ የሚረዝም ዙም ደግሞ እንደ ወናፍ ነው፤ በወጣና በገባ ቁጥር አየር ይስባል፣ አቧራውም አብሮ ይገባል። አቧራ ባለበት በየደቂቃው አያንቀሳቅሱት። «አቧራ አያስገባም» የተባለውንም ሙሉ በሙሉ አይመኑ፤ «ኤል» ከሚባሉት የካኖን ውድ ሌንሶች አንዳንዶቹ ፊታቸው ላይ ፊልተር የሚባለው መስታወት ካልገባ ጥበቃቸው ሙሉ አይደለም።

ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስተው ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ቦርሳውን ወዲያው አይክፈቱ። የቀዘቀዘው መስታወት ላብ ያወጣል፣ አቧራውም ጭቃ ሆኖ ይጣበቃል። ቦርሳው እንደተዘጋ ይቆይ፤ እስከዚያ ቡና ይጠጡ።